«ማይክሮኦርጋኒዝም» ብሎ መጻፍ ማወቅ ነውን?

ከጥቂት ጊዜ በፊት፣ በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ከአማን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የአንድ አዛውንት ገበሬ የቡና ማሳ ውስጥ ተገኝተን ነበር። ወደዚያ የወሰደን የአዛውንቱ የወንድም ልጅ፣ የሥነ ሕይወት ትምህርቱን በማጠናቀቅ ላይ ያለ ወጣት ነው። በማሳው መካከል ሦስት የቡና ተክሎች ቅጠላቸው ረግፎ፣ ፍሬያቸው ሳይበስል ከነቅርንጫፉ ደርቆ፣ ቆመው ይታያሉ። አዛውንቱ በያዙት ገጀራ የአንዱን ግንድ ቅርፊት ፋቅ አድርገው ከሥሩ ያለውን የጠቆረ መስመር አሳዩንና፣ «ለመሆኑ ይህን ቡና የሚገድለው ምንድን ነው? እናንተ የተማራችሁት ንገሩኝ እንጂ» አሉ።

ወጣቱ ለመመለስ አላመነታም። በሽታው በአንድ ፓቶጄኒክ ማይክሮኦርጋኒዝም አማካይነት እንደሚመጣ፣ ይኸውም በቁስል በኩል ትራንስሚት እንደሚሆን፣ በክፍል የተማረውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አንዲት ቃል ሳያጓድል አወረደው። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ አነጋገሩም የሚያስመሰግን ነበር። አዛውንቱ በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ፣ «እሱስ ይሁን ልጄ፤ ግን ምንድን ነው?» ብለው መልሰው ጠየቁ። ወጣቱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር፣ አሁን ዝግ ብሎ፣ ደገመው።

በዚህ ጊዜ እኛ ጣልቃ ገብተን፣ «እስቲ ያችን ቃል ሳትጠራ ንገራቸው» አልነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም እየተደናቀፈ፣ «አባባ፣ ከሻጋታ ወገን ነው። ሕይወት አለው፣ ግን ዓይን አያየውም። ግንዱ ሲቆስል በቁስሉ ይገባል። ውሃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣበትን ቧንቧ ይደፍነዋል። ቡናው በውሃ ጥም ይሞታል» አለ። አዛውንቱ ቀና ብለው ገጀራቸውን ተመለከቱና፣ «እንግዲያው አሁን የፋቅሁበት ገጀራ ላይም አለ ማለት ነዋ!» አሉ።

ይህች የአዛውንቱ አነጋገር ተራ አስተያየት አይደለችም። በሽታው በሳይንሳዊ ስሙ ፉዛሪየም ዛይላሪዮይዴስ በሚባል ፈንገስ የሚመጣ ነው። በመካከለኛው አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 ታወቀ፤ በአገራችን መኖሩም በ1950ዎቹ ተመዘገበ። በ1990ዎቹ የኡጋንዳንና የኮንጎን የሮቡስታ ቡና ክፉኛ ጎድቷል። የዘርፉ ባለሙያዎች የሚመክሩት የታወቀ ነው፦ የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ እዚያው በቦታው ማቃጠል፤ አረም ሲመነጠር ግንዱን አለማቁሰል፤ ገጀራውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከማሻገር በፊት በእሳት ወይም በአልኮል ማጽዳት። አዛውንቱ ከእነዚህ ምክሮች ዋነኛውን ማንም ሳይነግራቸው፣ ነገሩ በገባቸው ቅጽበት፣ በራሳቸው ደረሱበት። የወንድማቸው ልጅ ግን ዓረፍተ ነገሩን ለሦስት ዓመታት ይዞ ሲኖር ገጀራውን አላሰበውም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይህ ገጠመኝ ነው። የምንለውም በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድን የሳይንስ ቃል በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በትክክለኛው ቦታ ማስቀመጥ መቻል፣ ቃሉ የሚያመለክተውን ነገር ማወቅ አይደለም። ቃሉ የሚታወቀው ፈትተን፣ በውስጡ ያለውን አይተን፣ በምናስብበት ቋንቋ ልንከራከርበት ስንችል ነው።

እኛም ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም

አንባብያን እኛን እንደ ፈራጅ እንዳይመለከቱን አስቀድመን አንድ ነገር እንናዘዝ። ለዶክትሬት ትምህርት በባሕር ማዶ በነበርንባቸው ዓመታት፣ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚገኙ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንቅስቃሴ በአንድ ሴሚናር ላይ ንግግር እናደርግ ነበር። በንግግራችን ውስጥ ከመጻሕፍት የቀዳናት፣ ስለ ባክቴሪያ አዋዋኝ የምታወሳ ያማረች ዓረፍተ ነገር ነበረች። ካበቃን በኋላ አንድ አረጋዊ ፕሮፌሰር፣ «ያችን ዓረፍተ ነገር ወደድናት፤ አሁን ደግሞ ቃሎቿን ሳትጠቀም ንገረን» አሉን። በአዳራሹ ፊት ቆመን ዝም አልን። በእንግሊዝኛም አልመጣልን፤ በአማርኛም አልመጣልን። ያን ዕለት የተረዳነው፣ ለብዙ ዓመታት ዐወቅን ያልነው አብዛኛው ነገር የቃላት አቀማመጥ እንደነበረ ነው።

ወደ አገር ተመልሰን ማስተማር ስንጀምር ግን ያው ልማድ ያዘን። እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። በመሆኑም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ተማሪ ሳይንስን በአንድ ቋንቋ ጀምሮ በሌላ ቋንቋ የሚጨርስ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚሻገረው ብዙውን ጊዜ በቃል በማጥናት ነው። እኛ መምህራንም ፈተናውን ስናርም የምንፈልገው ቃል በወረቀቱ ላይ ከታየን ምልክት አድርገን እናልፋለን። ተማሪው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህም ቃሉን ያስቀምጥልናል። እርስ በርስ ተስማምተን የምንታለልበት ጨዋታ ነው።

ቃሎቹ ሲወለዱ

ረቂቅ የሆነውን ሕይወት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው በምን ቋንቋ ጻፈ? አንቶኒ ቫን ሌዩቨንሁክ በኔዘርላንድ የዴልፍት ከተማ የሚኖር የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ በዘመኑ የሊቃውንት ቋንቋ የነበረውን ላቲንም አያውቅም፤ እንግሊዝኛም አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1676 ቁንዶ በርበሬ ምላስን የሚያቃጥለው ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ፈልጎ፣ ቁንዶ በርበሬ በውሃ ዘፍዝፎ በራሱ እጅ በሠራው አጉሊ መነጽር ይመለከት ጀመር። ዛሬ በቴፒ ዙሪያ የሚለማው ያው ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው። የሚያቃጥለውን ነገር አላገኘም፤ በውሃው ውስጥ ግን እልፍ አእላፍ ሆነው የሚርመሰመሱ፣ ከዚያ በፊት ማንም ያላያቸውን ፍጡራን አገኘ።

ያየውን በጥቅምት 9 ቀን 1676 እ.ኤ.አ. በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ አስታወቀ። ደብዳቤውን የጻፈው በገበያ በሚነጋገርበት የአገሩ ቋንቋ ነበር። የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1677 አሳተመው። ሌዩቨንሁክ ለፍጡራኑ የሰጠው ስም ከግሪክም ከላቲንም የተዋሰ አልነበረም። «ትናንሽ እንስሳት» አላቸው፤ በቃ። ሕይወት እንዳላቸውስ በምን ዐወቀ? ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢው በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስበታለንና።

በኋላ የመጡት ስሞችም ቢሆኑ ሲፈቱ ከዚህ የራቁ አይደሉም። «ባክቴሪያ» ከግሪክ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ በትር» ማለት ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ በትር ስለመሰሉ የወጣላቸው ስም ነው። ቃሉን በ19ኛው ምዕት ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ወደ ሳይንስ ያስገባው ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ፣ ከዚያ ቀደም ከ1820 እስከ 1825 እ.ኤ.አ. በግብፅና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች የተጓዘ ሲሆን፣ የጉዞ ባልንጀራው ቪልሄልም ሄምፕሪሽ በምጽዋ ሞቶ እዚያው ቀርቷል። «ማይክሮብ» የሚለውን ፈረንሳዊው ሴዲዮ በ1878 ከግሪክ ቃላት ሠራው፤ ሲፈታ «ትንሽ ሕይወት» ነው። «ቫይረስ» ደግሞ የላቲን ቃል ሆኖ «መርዝ» ማለት ነው።

እንግዲህ «ባክቴሪያ»፣ «ማይክሮብ»፣ «ቫይረስ» የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው ብለን የምንፈራቸው በከንቱ ነው። ለእንግሊዛዊውም ውሰት ናቸው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ በሙሉ አይሠራም፤ ወርቁ ከመጀመሪያው የማንም አልነበረምና። ልዩነቱ ሌላ ነው። ቃሉን የፈጠረው ሰው በውስጡ በትር ታየው፤ እኛ ግን ፊደሎቹ ብቻ ይታዩናል።

«ረቂቅ ተሕዋስያን» ሲፈታ

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንምጣ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የእንግሊዝኛ-አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ የአገራችን ምሁራን ለብዙ ዓመታት የደከሙት ለሳይንስ ቃላት አቻ ለማግኘት ነበር። ማይክሮኦርጋኒዝም ለሚለው በትምህርት ቤትና በሬዲዮ የለመድነው «ረቂቅ ተሕዋስያን» የሚለውን ነው። ብዙዎቻችን ይህንንም እንደ አንድ ደረቅ ስም እንጠራዋለን እንጂ አንፈታውም። እስቲ እንፍታው።

«ረቂቅ» ከዓይን አቅም በላይ ቀጥኖ ያነሰ ማለት ነው። ነገር ግን የማን ዓይን? ለፊዚክስ መምህር ይህ ጥያቄ ግሩም መግቢያ ነው። ያልታገዘ የሰው ዓይን ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች የሆነውን ለይቶ ለማየት ይቸግረዋል። የብርሃን አጉሊ መነጽር ከዚያ እጅግ ዝቅ ቢልም ወሰን አለው። ጀርመናዊው ኤርንስት አቤ በ1873 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ወሰኑን የሚያስቀምጠው የመስታወቱ ጥራት ሳይሆን የብርሃን የሞገድ ርዝመት ነው፤ ይኸውም ወደ 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን እናስታውስ። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ያህል በመሆኑ ከወሰኑ በላይ ነው፤ ይታያል። የኮሮና ቫይረስ ግን 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑ ከወሰኑ በታች ነው። ቫይረሶችን በቅርጻቸው ለማየት በ1930ዎቹ የተሠራውን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መጠበቅ ግድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ባክቴሪያም ረቂቅ ነው፣ ቫይረስም ረቂቅ ነው፤ ረቂቅነታቸው ግን አንድ አይደለም። ይህን ሁሉ ትምህርት «ረቂቅ» ከሚለው ከአንድ ቃል ማውጣት ይቻላል።

«ተሕዋስያን»ስ? የግእዝ ቃል ነው፤ ሥሩ መንቀሳቀስን፣ መነቃነቅን ያመለክታል። ስለዚህ «ረቂቅ ተሕዋስያን» ማለት «ለዓይን የማይታዩ ተንቀሳቃሾች» እንደ ማለት ነው። አንባቢው ከላይ በአደራ የሰጠነውን ነጥብ አሁን ያስታውስ፦ ሌዩቨንሁክም ሕይወት እንዳላቸው የፈረደው ሲንቀሳቀሱ አይቶ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራንም በ1880 እ.ኤ.አ. በአልጄሪያ በወባ በታመመ ወታደር ደም ውስጥ የወባን ጥገኛ ባየ ጊዜ፣ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ያሳመነው እንደ ክር የቀጠኑ አካሎቹ ሲወራጩ ማየቱ ነው። የአማርኛው ቃል የእነዚህን ሰዎች አስተውሎት በውስጡ ይዟል።

ይህ የገባው ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሕይወት አለውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህች ጥያቄ ደግሞ ከሳይንስ ታላላቅ ጥያቄዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ1827 የዕፅዋት ሊቁ ሮበርት ብራውን በውሃ ላይ የተንሳፈፉ፣ ከአበባ ብናኝ የወጡ ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት ሲርገበገቡ አየ። ሕይወት ይሆን ብሎ ጠረጠረ። ጥርጣሬውን ለመፈተን ሕይወት የሌላቸውን ነገሮች ፈጭቶ ሞከረ፤ የመስታወት ደቃቅ፣ የድንጋይ ዱቄት፣ ሌላው ቀርቶ ከግብፁ ስፊንክስ የተወሰደ ስባሪ ጭምር። ሁሉም ተርገበገቡ። እንቅስቃሴው የሕይወት ምልክት አልነበረም። በ1905 አልበርት አይንስታይን ቅንጣቶቹን የሚያንቀጠቅጣቸው በዓይን የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች ግፊት መሆኑን በስሌት አሳየ፤ ዣን ፔሬን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሙከራ አረጋገጠው። የሞለኪውሎች መኖር ጠንካራ ማስረጃ ካገኘባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ሕይወት ያለው እንቅስቃሴ ከሌለው በምን ይለያል? ቅንጣቱ የሚናወጠው ያለ ዓላማ ነው፤ ኢ. ኮላይ ግን ጅራት መሰል ክሮቹን እያሽከረከረ ወደ ምግቡ ይዋኛል። አዋዋኙም ከእኛ ይለያል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ፐርሰል በ1977 እንዳስረዳው፣ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ፍጥረት ውሃ እንደ ወፍራም ማር ነው፤ መቅዘፉን ባቆመ ቅጽበት የሚንሸራተተው ርቀት ከአንድ አቶም ስፋት ያነሰ ነው። እኛ ያን ጊዜ በሴሚናሩ ላይ በቃል ያወረድናት ያማረች ዓረፍተ ነገር የምትለው ይህንኑ ነበር።

በአንጻሩ ደግሞ በራሳቸው የማይንቀሳቀሱ ብዙ የባክቴሪያ ዓይነቶች አሉ፤ ቫይረስም የራሱ መንቀሳቀሻ የለውም። ስለዚህ «ተሕዋሲ» የሚለው ስም ለሁሉም በትክክል አይገጥምም። ይህን ያልነው ቃሉን ለመጣል አይደለም። ስሕተት ያለበት ስም የእኛ ብቻ አይደለምና፤ «ማላሪያ» የሚለው የጣልያንኛ ቃል «ክፉ አየር» ማለት ሲሆን፣ በሽታው ግን ከአየር ሳይሆን ከትንኝ ንድፊያ የሚመጣ ነው። ቁም ነገሩ፣ ትርጉሙ የተሰማን ቃል ጉድለቱም ይሰማናል፤ «ይህ ልክ ነውን?» ብለን እንጠይቀዋለን። ትርጉሙ ያልተሰማንን ቃል ግን ከማስታወስ በቀር ምንም ልናደርገው አንችልም።

ሦስት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ «ሳይንስ ዓለም አቀፍ ነው፤ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ቃል ካላወቀ ከዓለም ይለያል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኛም የእንግሊዝኛው ቃል ይቅር አላልንም። ስለ አገራችን የእንጀራ፣ የቆጮ፣ የጠላና የጠጅ ረቂቅ ተሕዋስያን የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሰፊ የዳሰሳ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ገዛ እናቱ የሊጥ ማቡኪያ ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ ያን ማንበብ አለበት። ነገር ግን ይኸው ተማሪ እናቱ ከአንዱ ሊጥ ለሌላው የምታስተርፈው እርሾ፣ በመጽሐፉ ያነበበው ማይክሮኦርጋኒዝም ራሱ መሆኑን ካልነገርነው፣ አንዱን በፈተና ወረቀት፣ ሌላውን በማድ ቤት ለይቶ አስቀምጦ ይኖራል። በቤንች፣ በሸኮና በካፋ ቤቶች የእንሰት ቆጮ በጉድጓድ ሲብላላ የሚሠሩት እነዚያው ላክቲክ አሲድ አመንጪ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጉድጓዱ ለምን አየር እንዳያገኝ ተደርጎ እንደሚከደን ማንኛዋም የአካባቢው እናት በተግባር ታውቀዋለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው። «የግእዙ ቃልስ ለተማሪው ከግሪኩ በምን ይሻላል? በአማን ገበያ ቤንችኛ የሚናገር ልጅ ‹ተሕዋስያን› ሲባል ምን ይሰማዋል?» ይላል። ትክክል ነው። አማርኛ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ ቢሆንም፣ ለብዙው የክልሉ ልጅ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። አማርኛ አፉን ለፈታውም ቢሆን ቃሉ ግልጽ አይደለም። ለዚህ ማስረጃ ከፈለግን፣ «ተሕዋስያኖች» ተብሎ ሲነገርና ሲጻፍ ስንት ጊዜ ሰምተናል? «ተሕዋስያን» በግእዙ ሥርዓት አስቀድሞ ብዙ ቁጥር ነው፤ ብዙውን እንደገና ማብዛት ቃሉ እንዳልተፈታ ያሳያል። በእንግሊዝኛም ያው ነው። «ባክቴሪያ» በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ሲሆን ነጠላው «ባክቴሪየም» ነው፤ ተማሪዎቻችን ግን በነጠላ ግስ ያስሩታል፤ እንግሊዛውያን ራሳቸውም ይሳሳቱበታል። በአማርኛ «ባክቴሪያዎች» ማለት ግን ነውር የለበትም፤ ቤታችን የገባ እንግዳ በቤታችን ሥርዓት ይስተናገዳልና። እንግዲህ ጉዳዩ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፋንታ መተካት አይደለም። አንዱን ያልተፈታ ቃል በሌላ ያልተፈታ ቃል መለወጥ ማንንም አይጠቅምም። የሚያስፈልገው መፍታት ነው፤ በአማርኛም፣ በቤንችኛም፣ በካፍኛም፣ አስፈላጊ ከሆነም በቀላል እንግሊዝኛ።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ «አንዳንድ ልዩነት የሚገለጸው በተውሶው ቃል ብቻ ነው» የሚል ነው። ይህንንም እንቀበላለን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ በየሬዲዮው «ቫይረስ»ም «ተሕዋሲ»ም ሲባል ሰንብቷል። ባክቴሪያውንም ቫይረሱንም በጅምላ «ተሕዋሲ» ያልን እንደሆነ ግን አንድ አደገኛ ነገር እንሸፍናለን፦ አንቲባዮቲክ የሚባሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት በባክቴሪያ ላይ ነው፤ ቫይረስን አይገድሉም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ገዝቶ የሚውጥ ሰው ጉንፋኑን አይነካውም፤ በአካሉ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ዕድል ይሰጣቸዋል። እዚህ ላይ «ባክቴሪያ» እና «ቫይረስ» የሚሉት ቃላት ተለይተው መታወቅ አለባቸው። መታወቅ ማለት ግን «አንደኛው ራሱን ችሎ የሚበላና የሚባዛ ሕይወት ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ሕይወት ውስጥ ካልገባ መባዛት የማይችል ነው፤ ስለዚህም የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም» ብሎ መናገር መቻል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ በጀትም ሆነ አዲስ ፖሊሲ የሚጠይቅ አይደለም።

አንደኛ፣ መምህራን ማንኛውንም አዲስ የሳይንስ ቃል በሰሌዳ ላይ በጻፍን ጊዜ፣ ዓረፍተ ነገር ከመሥራታችን በፊት፣ አምስት ደቂቃ ወስደን እንፍታው። ከየት መጣ? ያወጣው ሰው ምን አይቶ ነበር? ዛሬስ ስሙ ከነገሩ ጋር ይገጥማልን? ይህ ለሥነ ሕይወት ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ «አቶም» ማለት «የማይከፈል» ማለት እንደሆነ የነገርነው ተማሪ፣ አቶም ሲከፈል ለምን የዓለም መነጋገሪያ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ በየፈተናው ቢያንስ አንድ ጥያቄ፣ «ቃሉን ሳትጠቀም አስረዳ» የሚል ይሁን። መልሱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግድ የለንም። የሚያስመልሰው ነገሩን ማወቅ እንጂ ቋንቋ አይደለም። አርሞ ለመጨረስ ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን፤ ነገር ግን የምናገኘው መልስ ስለ ማስተማራችንም ሳይሸፍን ይነግረናል።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲሄዱ፣ በአካባቢያቸው ቋንቋ ለሻጋታ፣ ለእርሾ፣ ለወባ፣ ለቡናና ለእንሰት በሽታዎች ያሉትን ቃላት ከአባቶችና ከእናቶች ጠይቀው ይመዝግቡ። ሚዛን አማንና ቴፒ ዙሪያ ብቻ ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ሸኮኛ፣ ካፍኛ፣ መጀንግኛና ሌሎችም ይነገራሉ። እነዚህ ቋንቋዎች ስለ መብላላት፣ ስለ መበስበስና ስለ ተክል መድረቅ ለዘመናት ሲናገሩ የኖሩ ናቸው። የተሰበሰበው እንደዚህ ባሉ መጽሔቶች ላይ ቢወጣ፣ ነገ በዚያው አካባቢ የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ባለሙያ ሆኖ የሚመደበው ወጣት በባዶ እጁ አይሄድም።

ውድ አንባብያን፣ ከአማን ማሳ የጀመርነውን በዚያው ማሳ እናብቃ። ያን ዕለት አዛውንቱ ከዚያች አነጋገራቸው በኋላ ብዙ አልቆዩም። ሦስቱን ተክሎች የሚነቅል ሰው ጠሩ፤ እሳት አስነደዱ፤ ገጀራቸውንም በነበልባሉ ላይ እያገላበጡ ለበለቡት። ወጣቱ በአጠገባቸው ቆሞ ይመለከት ነበር። እሳቱ ሲቀንስ ወደ እኛ ዞር ብሎ፣ «መምህር፣ አፈሩስ? አፈሩ ውስጥስ አይቀርም?» ሲል ጠየቀን። እኛ የፊዚክስ መምህር ነንና መልሱን ከሥነ ሕይወት መምህሩ እንዲፈልግ ነገርነው። በሦስት ዓመት ትምህርቱ ስለዚህ በሽታ ጥያቄ ሲጠይቅ ግን ይህ የመጀመሪያው እንደሆነ ራሱ አጫውቶናል።